በትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን የምርምር በረራ ማካሄድ፦ ለዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ዝርዝር መመሪያ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሰው አልባ አውሮፕላን ሠርቶ ስላበረረ ብቻ ምርምር አካሄደ አይባልም። በረራው ምርምር የሚሆነው አስቀድሞ ለተጻፈ ጥያቄ ቁጥር ይዞ ሲመለስ፣ ያ ቁጥር ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ ቀን ቢለካው ተቀራራቢ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ክብደቱ ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራና ቋሚ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ላላቸው ቡድኖች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ባለ ቦታ ለሚያበርሩ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባና አካባቢዋ ላሉ፣ የሚያስፈልጉ ስሌቶችንም ይዟል።

አውሮፕላኑ ውድ ወይም ልዩ መሆን አይጠበቅበትም። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሰው አልባ አውሮፕላን ቤተ ሙከራ ለዓመታት የተጠቀመበት አልትራ ስቲክ 25ኢ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.27 ሜትር፣ ክብደቱም ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ፣ ለሞዴል አውሮፕላን ወዳጆች የሚሸጥ ተራ አውሮፕላን ነበር። ዋጋ የሰጠው አካሉ አይደለም፤ በጥንቃቄ ተለክቶ፣ የበረራ ባሕርዩ በሒሳብ ሞዴል ተገልጾና ሞዴሉ ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት ሆኖ መቅረቡ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

ሥራው የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ ሳይሆን ከወረቀት ነው። «የአውሮፕላናችንን ብቃት እንፈትሻለን» የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ ምን ሲለካ እንዳለቀ ስለማይናገር መቼም አያልቅም። «በሰከንድ ከ11 እስከ 18 ሜትር ባለው የፍጥነት ክልል ውስጥ በአውሮፕላኑ ላይ የሚያርፈው የአየር ጎታች ኃይል ስንት ኒውተን ነው? የስህተቱስ ወሰን ስንት ነው?» የሚለው ግን የሚለካውን፣ ክልሉንና የሚፈለገውን ትክክለኛነት ይናገራል። ከዚህ ጥያቄ ተነስቶ የትኛው መለኪያ እንደሚያስፈልግ፣ በምን ዓይነት አየር መብረር እንደሚገባና ስንት ድግግሞሽ እንደሚበቃ መወሰን ይቻላል። በቀሪው ጽሑፍም ይኸው ጥያቄ እንደ ምሳሌ ያገለግላል።

ትንንሽ አውሮፕላኖች ትልልቅ ጥያቄዎችን መሸከም ይችላሉ። የናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል ኤርስታር በተባለው ፕሮግራሙ የመንገደኞች ጄትን ወደ 5.5 በመቶ አሳንሶ የሠራውን ሞዴል የተጠቀመበት ሰው በተሳፈረበት አውሮፕላን መሞከር አደገኛ የሆነውን ነገር፣ ማለትም አውሮፕላን ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን የሚያሳየውን ባሕርይ ለማጥናት ነበር። የዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2015 ሰባት ኪሎ ግራም በማይሞላ የፀሐይ ኃይል አውሮፕላን ከ81 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ሲያበርር፣ የሥራው እምብርት በቀን የሚሰበሰበው ኃይል ሌሊቱን ለማሳለፍ ይበቃ እንደሆነ የሚያሳየው ስሌት ነበር።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ

ፈቃድ ዕቃ ከመታዘዙ በፊት ይጠየቃል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ብቻ ሳይሆን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርንም የሚመለከት በመሆኑ፣ አውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን ከውጭ የሚገቡ የመገናኛ ክፍሎቹንም የሚዘረዝር፣ የበረራውን ቦታ፣ ከፍታና ጊዜ የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ይህን የዘለለ ቡድን ዕቃው ጉምሩክ ላይ ሲያዝበት ሴሚስተሩ ያልቅበታል። በአሜሪካ የሚማሩ አንባቢዎች ከነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራውን ደንብ ያውቁታል፤ ክብደት ከ25 ኪሎ ግራም በታች፣ ከፍታ 400 ጫማ ወይም 120 ሜትር ገደማ፣ አውሮፕላኑም ሁልጊዜ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ለቀላሉ ምድብ 120 ሜትርን ወሰን አድርጓል። ይህ ከፍታ በሌላ አገር ግዴታ ባይሆንም እንኳ ለምርምር በረራ በቂ ነው፤ ከታች የተገለጹት ሙከራዎች ሁሉ በእሱ ውስጥ ይካሄዳሉ።

ደረጃ 3፦ አውሮፕላኑንና መለኪያዎቹን ማዘጋጀት

ለመረጃ መሰብሰቢያ የሚሆነው አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራና መረጃ የሚመዘግብ ትንሽ ኮምፒውተር) በገበያ ላይ የሚገኘው የፒክስሆክ ዓይነት ሲሆን፣ ፒኤክስ4 ወይም አርዱፓይለት የተባሉት ክፍት ሶፍትዌሮች ይጫኑበታል። ከራስ አዲስ አውቶፓይለት ለመጻፍ የሚደረገው ፈተና ብዙ ነው፤ የምርምሩ ጥያቄ ራሱ አውቶፓይለቱ ካልሆነ በቀር ግን ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀረው ጥንቃቄ በአቀማመጥ ላይ ነው። የአየር ፍጥነት የሚለካው ፒቶ ቱቦ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ከሚነፍሰው አየር ርቆ፣ በክንፉ መካከለኛ ክፍል ላይ ከፊተኛው ጠርዝ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ይተከላል። ኮምፓሱ ወደ ሞተር ከሚሄዱት ወፍራም ሽቦዎች ይራቅ፤ በሽቦው የሚያልፈው ከፍተኛ ጅረት መግነጢስ ስለሚፈጥር ስሮትል (ለሞተሩ የሚሰጠው ኃይል) ሲጨመር አቅጣጫው የሚዞር ኮምፓስ ይገጥማል። አውቶፓይለቱ የሚያርፍበት ቦታ ንዝረት የማያስተላልፍና ከስበት ማዕከሉ አጠገብ የሆነ ይመረጥ። መረጃው በሬዲዮ ወደ መሬት ብቻ የሚላክ ከሆነ እየተቆራረጠ ስለሚደርስ፣ ዋናው ሎግ (የበረራው መረጃ መዝገብ) አውሮፕላኑ ላይ ባለው ካርድ ይመዝገብ፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ቢያንስ 50 ጊዜ ይሁን።

ደረጃ 4፦ መሬት ላይ መለካት

ብዙ ቡድን የሚቸኩልበት ክፍል ይህ ነው፤ በአየር ላይ የሚገኘው ውጤት ሁሉ ግን መሬት ላይ ከተለካው አይሻልም። ክብደቱ ባትሪው ገብቶ፣ ልክ እንደሚበርር ሆኖ ይለካ። የክንፉ ስፋት ከፋብሪካው ጽሑፍ ሳይሆን ከራሱ ከክንፉ ይወሰድ። የስበት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንዳለ ተለክቶ ክንፉ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ይህ ነጥብ ይንቀሳቀሳልና።

ምርምሩ የአውሮፕላኑን እንቅስቃሴ በሒሳብ ሞዴል የሚገልጽ ከሆነ፣ በየዘንጉ ያለው የመዞር ኢነርሺያም (አውሮፕላኑ መዞርን የሚቋቋምበት መጠን) ያስፈልጋል። ለዚህ የሚበቃው ሁለት ገመድ ነው። አውሮፕላኑ ከስበት ማዕከሉ ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት በታሰሩ ሁለት እኩል ረጃጅም ገመዶች ከጣሪያ ይንጠለጠልና በቀስታ ተጠምዝዞ ይለቀቃል፤ እንደ ዥዋዥዌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳይሆን በቆመበት ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ኢነርሺያው ክብደቱ በኪሎ ግራም፣ በመሬት ስበት ፍጥነት ጭማሪ 9.81፣ በአንድ ዙር (ሄዶ እስኪመለስ) ጊዜ ካሬና በገመዶቹ መካከል ባለው ርቀት ካሬ ተባዝቶ፣ ውጤቱ ለ16፣ ለፓይ ካሬና ለገመዱ ርዝመት ብዜት በማካፈል ይገኛል። ለምሳሌ ሁለት ኪሎ ግራም የሚመዝን አውሮፕላን 2 ሜትር ርዝመት ባላቸውና 0.8 ሜትር በተራራቁ ገመዶች ላይ አንዱን ዙር በ1.5 ሰከንድ ቢጨርስ፣ ኢነርሺያው 0.09 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ገደማ ይሆናል። ጊዜው በካሬ ስለሚገባ የአንድ በመቶ ስህተት ሁለት በመቶ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ዙር ሳይሆን ሃያ ዙር ይቆጠርና ለሃያ ይካፈል። መስኮቱ ይዘጋ፤ ጥምዘዛውም ትንሽ ይሁን።

ደረጃ 5፦ የከፍታውን ሒሳብ መሥራት

በባሕር ወለል አጠገብ ባሉ አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ክፍል አይነኩትም፤ ለእኛ ግን ዋና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ 760 ሄክቶ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የአየሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 0.90 ኪሎ ግራም ይሆናል። በባሕር ወለል መደበኛ የሚባለው 1.225 ስለሆነ፣ አየሩ ከሩብ በላይ ሳስቷል ማለት ነው።

ይህ በአውሮፕላኑ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በቁጥር ቢታይ የተሻለ ነው። ሁለት ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 0.32 ሜትር ካሬ ክንፍና 1.2 ከፍተኛ የማንሳት ቁጥር (የክንፉን የማንሳት አቅም የሚገልጽ ቁጥር) ያለው አውሮፕላን ክንፉ የማንሳት አቅሙን የሚያጣበት፣ በባለሙያዎች ዘንድ ስቶል የሚባለው ፍጥነት፣ በባሕር ወለል በሰከንድ 9.1 ሜትር፣ በአዲስ አበባ ግን 10.7 ሜትር ነው። ፒቶ ቱቦው የሚለካው ግፊትን በመሆኑ በሁለቱም ቦታ 9.1 አካባቢ ያሳያል (ይህ ከዚህ በኋላ «የሚታየው ፍጥነት» ይባላል)፤ አውሮፕላኑ ግን በእውነት በ16 በመቶ ፈጥኖ ነው የሚሄደው። ከዚህ የተነሳ ሲያርፍ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይልም፣ በተመሳሳይ ማዘንበል ሲዞር የሚፈልገው የዙር ስፋትም በ36 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በባሕር ዳርቻ አገር በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ የበቃች ሜዳ እዚህ ላትበቃ ትችላለች።

ፕሮፔለሩም በተመሳሳይ የመዞር ፍጥነት የሚሰጠው ግፊያ በእፍጋቱ ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በሻጩ ሠንጠረዥ ላይ ከመተማመን ይልቅ አውሮፕላኑ ጅራቱ በሻንጣ ሚዛን ላይ ታስሮ፣ ሙሉ ስሮትል ተሰጥቶ፣ የሚበርርበት ሜዳ ላይ ግፊያው ይለካ። ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ሲገጠም ሞተሩ የሚስበው ጅረትና ሙቀቱ አብረው መታየት አለባቸው፤ የሳሳ አየር ሞተርንም በደንብ አያቀዘቅዝም።

ደረጃ 6፦ ሚናና የሙከራ ካርድ

አራት ሰው ይበቃል። አብራሪው አውሮፕላኑን እንጂ ላፕቶፕ አያይም። የጣቢያ ተቆጣጣሪው በስክሪን የሚታየውን ፍጥነት፣ ከፍታና የባትሪ መጠን ጮክ ብሎ ያነባል። የሙከራ መሪው ካርዱን ይዞ ቀጣዩን እርምጃ ይናገራል፣ ሰዓትና አስተያየት ይጽፋል። ተመልካቹ ሰማዩንና ሜዳውን ይጠብቃል። ከአራቱ ማንኛውም ሰው «አቁም» ሲል ሙከራው ያለ ክርክር ይቆማል፤ ምክንያቱ የሚጠየቀው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው። እኛ ጋ ተማሪ መምህሩን በሰው ፊት ማቋረጥ ስለሚከብደው፣ መምህሩ ራሱ ከበረራው በፊት ይህን መብት ጮክ ብሎ ለታናሹ የቡድኑ አባል መስጠት አለበት። ደንብ ሆኖ ወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም።

እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ገጽ ካርድ ይኖረዋል። ለምሳሌያችን የሚሆነው የመንሳፈፍ በረራ ካርድ ይህን ይመስላል፦

ዓላማ፦ ሞተር ጠፍቶ በሰከንድ 12 ሜትር በሚታይ የአየር ፍጥነት የመውረጃ ፍጥነቱን መለካት።
መግቢያ፦ ከፍታ ከመሬት 110 ሜትር፣ ክንፍ ደልዳላ፣ አቅጣጫ ወደ ነፋስ፣ ባትሪ ከግማሽ በላይ።
አፈጻጸም፦ ስሮትል ዜሮ፤ ፍጥነቱ እስኪረጋ አምስት ሰከንድ ይጠበቅ፤ «ጀምር» ይባል፤ ለ20 ሰከንድ ፍጥነቱ ይያዝ፤ «ጨርስ» ይባል፤ ስሮትል ይሰጥ።
ወሰን፦ የሚታየው ፍጥነት ከ11 በታች ወይም ከ14 በላይ ከሆነ መረጃው አይያዝም።
ማቆሚያ፦ ከፍታ 50 ሜትር፤ ወፍ፤ በሜዳው ሰው መግባት፤ የመገናኛ መቋረጥ።

ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ነገር በአየር ላይ አይፈለሰፍም። «እግረ መንገዳችንን ይህንንም እንሞክር» የሚለው ሐሳብ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገ የራሱ ካርድ ይጻፍለታል።

ደረጃ 7፦ ሜዳና ሰዓት

ለመለኪያ በረራ ጥሩው ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ የሚነሳው ሞቃት አየር ለዓይን ሳይታይ አውሮፕላኑን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋዋል። አውሮፕላኑ በሰከንድ 1.5 ሜትር እየወረደ ሳለ በሰከንድ 0.3 ሜትር ብቻ የሚነሳ አየር ቢያገኘው ውጤቱ በሃያ በመቶ ይዛባል። ቅጠል የማያንቀሳቅስ አየር እንኳ ይህን ያህል ሊነሳ ስለሚችል፣ ረፋድ ላይ የተሰበሰበን የመንሳፈፍ መረጃ እኔ አልቀበልም።

ሜዳው ላይ የሚግጡ ከብቶችን ብቻ ሳይሆን የሚያልፉትን እግረኞችም ማሰብ ያስፈልጋል። ድሮን ሲነሳ ሕፃናት መሰብሰባቸው የታወቀ ነው፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ከእነሱ ጋር ቆሞ እያስረዳ ከመስመሩ ጀርባ ቢያቆያቸው ከመጮህ ይሻላል። ጭላት ከታየ አውሮፕላኑ ይረፍና ይጠበቅ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ በረራዎች

ከመጀመሪያው በረራ በፊት ፕሮፔለሩ ወልቆ ሦስት ነገር ይፈተሻል። አንደኛ፣ አብራሪው ዱላውን ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ አይሌሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄዱ ይታያል። ሁለተኛ፣ አውቶፓይለቱ ሚዛን ጠባቂ ሁነታ ላይ ሆኖ አውሮፕላኑ በእጅ ወደ ግራ ሲያዘነብል፣ የወረደው የግራ ክንፍ እንዲነሳ የግራው አይሌሮን ወደ ታች መውረድ አለበት። ይህ ተገላቢጦሽ ሆኖ የተነሳ አውሮፕላን በሁለት ሰከንድ ውስጥ መሬት ይመታል፤ ፍተሻው ግን አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ሦስተኛ፣ የአብራሪው ሬዲዮ ሆን ተብሎ ይጠፋና አውሮፕላኑ የተነገረውን፣ ማለትም ወደ መነሻው መመለስን መምረጡ ይረጋገጣል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ በኮምፒውተር ላይ፣ የአውቶፓይለቱ ሶፍትዌር በራሱ በሚመጣው ማስመሰያ ተበርሮ መታየት አለበት።

የመጀመሪያው በረራ ምንም አይለካም። በእጅ ይነሳል፣ ይስተካከላል፣ ጥቂት ዙር ዞሮ ያርፋል። በሁለተኛው በረራ ከፍታ ላይ ሆኖ ስሮትል እየተቀነሰ ስቶሉ በቀስታ ይፈለግ፤ ከአንድ ክንፍ የሚወድቅ ከሆነ ይመዝገብ፤ የታየው ፍጥነትም በደረጃ 5 ከተሰላው ጋር ይነጻጸር። በጣም ከተራራቁ ወይ ክብደቱ ወይ ፒቶ ቱቦው ተሳስቷልና ቀጣዩ ካርድ አይከፈትም። ከዚያ በኋላ ነው አውቶፓይለቱ በአየር ላይ የሚከፈተው፣ አብራሪውም ጣቱን ከመቀየሪያው ሳያነሳ።

የሊትየም ፖሊመር ባትሪ በጭነት ላይ ሆኖ በአንድ ሴል 3.5 ቮልት ሲደርስ ማረፍ ልማድ ይሁን። ሲቀመጥ በሴል 3.8 ቮልት ላይ ይቀመጥ፤ ሲሞላም ሰው ይጠብቀው እንጂ ቤተ ሙከራ ተቆልፎበት አይታደርበት።

ደረጃ 9፦ የአየር ፍጥነት መለኪያውን ማረም

ፒቶ ቱቦ ያሳየው ቁጥር እንዳለ አይወሰድም። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ቱቦው ነፋስ እንዳይነካው ተሸፍኖ ዜሮው ይስተካከላል። ከዚያም በአየር ላይ አውሮፕላኑ የሚታየውን ፍጥነት ሳይለውጥ፣ ከፍታውን ጠብቆ ሰፊ ሙሉ ክብ እንዲዞር ይደረጋል። ጂፒኤሱ በእያንዳንዱ ቅጽበት የመሬት ፍጥነቱን ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ከፍሎ ይሰጣል፤ እነዚህ ነጥቦች ወረቀት ላይ ሲቀመጡ ክብ ይሠራሉ። የክቡ መሐል ከዜሮ የራቀበት ርቀትና አቅጣጫ ነፋሱ ነው፤ የክቡ ራዲየስ ደግሞ የአውሮፕላኑ እውነተኛ የአየር ፍጥነት ነው።

ከፍተኛው የመሬት ፍጥነት በሰከንድ 19፣ ዝቅተኛው 11 ሜትር ከሆነ፣ የአየር ፍጥነቱ 15፣ ነፋሱም 4 ነው። ፒቶ ቱቦው በእፍጋት ታርሞ 14.2 ብሎ ከነበረ፣ የፍጥነት ማረሚያው 1.056 ይሆናል። አንዳንድ ሶፍትዌር ማረሚያውን ለፍጥነት ሳይሆን ለግፊት ስለሚጠይቅ፣ ያኔ የሚገባው የዚሁ ቁጥር ካሬ፣ 1.116 ነው። ክቡ ድፍጥጥ ብሎ ከወጣ ወይ ፍጥነቱ አልተያዘም፣ ወይ ነፋሱ በመሐል ተለውጧል፤ ሙከራው ይደገም።

ደረጃ 10፦ የመንሳፈፍ በረራ

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመለሳል። ሞተር ጠፍቶ በቋሚ ፍጥነት በሚወርድ አውሮፕላን ላይ ጎታች ኃይሉ ከክብደቱ ወደ ፊት ከሚስበው ክፍል ጋር እኩል ነው። የመውረጃው ፍጥነት በሰከንድ 1.5፣ እውነተኛው የአየር ፍጥነት 14 ሜትር ከሆነ፣ ሁለተኛው ለመጀመሪያው መካፈያ ሆኖ 0.107 ይሰጣል። ይህ በክብደቱ 19.6 ኒውተን ሲባዛ ጎታች ኃይሉ 2.1 ኒውተን ነው፤ አውሮፕላኑም አንድ ሜትር ሲወርድ ወደ ፊት ዘጠኝ ሜትር ገደማ ይጓዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው የሚታየውን ፍጥነት በእውነተኛው ፋንታ ማስገባት ነው፤ በአዲስ አበባ 14 የሚሆነው በመለኪያው 12 ሆኖ ይታያልና ኃይሉ በ16 በመቶ ይጋነናል። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ከፍታ የሚሰላው ከግፊት ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ የመደበኛውን ከባቢ አየር ሙቀት የሚወስድ ከሆነ በ2,355 ሜትር ላይ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ብሎ ያስባል። እውነተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን ግን አየሩ የተለጠጠ ስለሆነ መቶ ሜትር ተብሎ የተመዘገበው ቁመት 107 ሜትር ነው። የመውረጃ ፍጥነቱም ጎታች ኃይሉም በሰባት በመቶ አንሰው ይወጣሉ። ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ በከፊል ተጣፍተው ውጤቱ ትክክል ሊመስል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከግልጽ ስህተት ይብሳል። ሶፍትዌሩ የትኛውን ሙቀት እንደሚጠቀም ይታይ፤ ሙቀቱ በጥላ ሥር በቴርሞሜትር ይለካ።

ፕሮፔለሩ በነፋስ የሚሽከረከር ከሆነ ራሱ ይጎትታል። የሞተር መቆጣጠሪያው ፍሬን ተከፍቶ ቢቆም ወይም ታጣፊ ፕሮፔለር ቢገጠም ይመረጣል፤ የትኛው እንደነበረ ግን ካርዱ ላይ ይጻፍ። በእያንዳንዱ ፍጥነት ወደ ነፋስና ከነፋስ ጋር እየተፈራረቀ ሙከራው ይደጋገም፤ የውጤቶቹ መበታተን ራሱ የስህተቱን ወሰን ይነግራል።

ደረጃ 11፦ በመሪ ክንፎች የሚሰጥ ምት

ምርምሩ የእንቅስቃሴ ሞዴል የሚፈልግ ከሆነ ብቻ፣ ደልድሎ ከሚበርር አውሮፕላን ላይ ኤለቬተሩ (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጅራት ክፍል) ጥቂት ዲግሪ ወደ ላይ፣ ወዲያው በእኩል ጊዜ ወደ ታች ይደረግና ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰፋ ያለ የድግግሞሽ ክልል ለመቀስቀስ የተለመደው ተከታታይ ምት ርዝመቱ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ የሆነው ነው፤ መነሻው 0.3 ሰከንድ ከሆነ ምቶቹ 0.9፣ 0.6፣ 0.3 እና 0.3 ሰከንድ ይቆያሉ። ይህን የሰው እጅ በትክክል አይደግመውም፤ አውቶፓይለቱ ይስጠው። በዚያ ቅጽበት ሚዛን ጠባቂው ክፍት ከሆነ የተሰጠውን ምት ስለሚያፍነው፣ ወይ ይዘጋ ወይ ወደ ሰርቮው (መሪ ክንፉን ወደሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) በእርግጥ የሄደው ትእዛዝ በሎጉ ይመዝገብ። አንድ በረራ አንድ መሪ ክንፍ ቢፈትሽ ይበቃል።

ደረጃ 12፦ መረጃውን መያዝና ማስረከብ

አውሮፕላኑ እንዳረፈ፣ ባትሪ ሳይቀየር፣ ሎጉ ይገለበጥና እዚያው ሜዳ ላይ ይከፈት። ፒቶ ቱቦው በሳር ተደፍኖ እንደነበረ ማታ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማወቅ ጠዋቱን አይመልስም። የመጀመሪያው ፋይል ፈጽሞ አይነካ፤ ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። አደጋ ከደረሰም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ ሰውና እሳት ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሎግ ይገለበጣል፣ እያንዳንዱ ሰው ያየውን ለብቻው ይጽፋል፤ ከዚያ በፊት ስብርባሪው አይነሳ።

የሰዓት ነገር ለእኛ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሙከራ መሪው በማስታወሻው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል» ብሎ የጻፈው በላፕቶፑ 7፡30፣ በሎጉ የዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 4፡30 ነው። የጂፒኤስ የራሱ ሰዓት ከዓለም አቀፉ 18 ሰከንድ ስለሚቀድም፣ ቪዲዮንና ሎግን ለማዛመድ ለሚሞክር ሰው ይህም ይደርስበታል። ቀኑም በሁለት አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል። በማስታወሻው የትኛውም ይጻፍ፤ የፋይል ስም ግን በዓለም አቀፍ ሰዓትና በአውሮፓ ቀን ብቻ ይሁን፣ መጨረሻው ላይም የካርዱ ቁጥር ይግባ።

በዓመቱ መጨረሻ የሚረከበው ማኅደር ጥሬ ሎጎቹን፣ ካርዶቹን ከነእጅ ጽሑፋቸው፣ የክብደትና የኢነርሺያ ልኬቶቹን፣ የአውቶፓይለቱን የቅንብር ፋይልና የሶፍትዌሩን ሥሪት ቁጥር፣ ስሌቱን የሠራውን ፕሮግራም፣ የተጣሉ ሙከራዎችንም ከነምክንያታቸው ይይዛል። የሚረከበው ቡድን አዲስ ጥያቄ ከመጻፉ በፊት ከቀድሞዎቹ ካርዶች አንዱን፣ በተለይ የመንሳፈፉን፣ በራሱ አብራሪ ይድገመው፤ ያገኘው ጎታች ኃይል በማኅደሩ ከተጻፈው የስህተት ወሰን ውጭ ከሆነ ወይ አውሮፕላኑ ተለውጧል ወይ መለኪያው፣ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ደግሞ ቀጣዩ ካርድ አይታተምም።